በሰኞ ገበያ የባረቀው ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ሰይድ ደወለልኝ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረጅም ነበር። ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የደሴን ብርድ፣ የእናቴን ጉልበት አንድ በአንድ ጠይቆ ለእያንዳንዱ አልሐምዱሊላህ ካስባለኝ በኋላ፣ «ዘሐራ፣ አንድ ነገር ፈልጊልኝ» አለ። «ያ የድሮው ካውቦይ ፊልም። አባትሽ ይተረጉመው የነበረው። መጨረሻው ላይ ሁሉም የሚሞቱበት።»

«አጎቴ፣ ካውቦይ ፊልም ሆኖ መጨረሻው ላይ ሁሉም የማይሞቱበት አለ እንዴ?»

«ወንድሙን የሰቀሉበት ነው የምልሽ። አንድ ወጣት ላሳየው ነው። ወንድሙ ተገድሎበት ሽማግሌ አልቀበልም ብሎ አስቸገረን። ሦስት ጊዜ ሄድን፣ አንዲት ቃል አልመለሰልንም። ያ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ያላትን ነገር ቢሰማት ልቡ ይመለሳል ብዬ ነው። ዛሬ ሁሉ ነገር ስልክ ላይ አለ ይላሉ። እስከ ቅዳሜ አግኚልኝ።»

እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከፊቴ የተዘረጋውን ወረቀት ማንበብ አቃተኝ። ያ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ያላትን ነገር በዚህ ዓለም ከእኔና ከአጎቴ በቀር የሚያውቃት የለም። ለምን እንደሌለ ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ያኔ» እያልኩ ስጽፍ ብዙ የኖርኩ እመስላለሁ። ገና ሠላሳዎቹን መጀመሬ ነው። ቪዲዮ ቤቶቹ ግን ከእኔ ቀድመው አረጁ፤ እነሱን የሚያስታውስ ሰው ሳይወድ አብሮ ያረጃል። ሰኞ ገበያ ያኔ ዛሬ እንደሚታየው በመስታወት የተሸፈነ አልነበረም። ከጫማ ሰፊዎቹ መደዳ ጀርባ፣ ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። መስኮቶቹ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሷል፣ አግዳሚዎቹ ሚስማራቸው ያገጠጠ ስለሆነ የደሴ ልጅ ሱሪው የት ላይ እንደተቀደደ አይታ ቪዲዮ ቤት መዋሉን እናቱ ታውቅ ነበር። መግቢያው አንድ ብር ነው። ኦቾሎኒ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ አንድ ቀን የራሴን የሒሳብ ፈተና ከነስህተቱ በሰው እጅ አግኝቼዋለሁ። ወንዶቹ ኪሰ ብዙ ሱሪና ሸራ ጫማ ያደርጋሉ፣ ብርዱ ሲጠና ጃኬታቸውን ከላይ ደርበው ትከሻ ለትከሻ ይጠጋጋሉ። እርጥብ ሱፍ፣ ኦቾሎኒና የሞቀ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ አንድ ላይ ይሸታል። ከመንገዱ ማዶ ካሴት ቤት ስለነበር የእሱ ድምፅ በላስቲኩ ቀዳዳ ይገባል። በረመዷን ካውቦዮቹ በመንዙማ ድቤ ነበር የሚጋልቡት። እንዲያውም ከፈረሱ እርምጃ ጋር የሚገጥምበት ጊዜ ነበር፣ ያኔ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል።

አባቴ ይማም ጠዋት ጠዋት ልብስ ሰፊ፣ ከሰዓት በኋላ ተርጓሚ ነበር። በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ «ካውቦይ፣ በአማርኛ ትርጉም» ተብሎ በጠመኔ ከተጻፈ፣ ትርጉሙ አባቴ ነው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በመጋረጃ በተከለለች ጥግ ይቀመጥና፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ማይክራፎን ይዞ የሁሉንም ሰው ድምፅ ይሆናል፤ የሽማግሌውንም፣ የሴቲቱንም፣ አንዳንዴ የፈረሱንም። እንግሊዝኛውን ያገኘው በልጅነቱ አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ከመርከበኞች ነው። ስለዚህ ስድብ፣ ቁጥርና «ቶሎ በል» ላይ ጎበዝ ነበር፤ ሌላውን ከሰዎቹ ፊት አንብቦ ይሞላዋል። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ መጋረጃው ውስጥ ከአባቴ ጎን ቁጭ ብዬ አጠና ነበር። እናቴ ቤቱን «የሸይጣን ዋሻ» ስለምትለው ሁለታችንም የት እንደዋልን አንነግራትም። ሰው ፊት ስሜን መናገር የሚያሳፍረኝ ልጅ ስለነበርኩ ያቺ መጋረጃ ለእኔ ከቤቴ ትመቸኝ ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ ከትምህርት ሁሉ የሚሆንልኝ እሱ ነው። አሥረኛ ክፍል ስደርስ አባቴ የሚለውና ፊልሙ የሚለው ሁለት የተለያዩ ታሪኮች እንደሆኑ ገባኝ። አልተናገርኩም። የእሱ ብዙ ጊዜ ይሻል ነበር።

የአባቴ ጠላት ዝምታ ነው። ካውቦይ ፊልም ደግሞ በዝምታ የተሞላ ነው። ሁለት ሰዎች በአቧራማ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እሱ አይችልም። «ይኸው ተያዩ። ይሄኛው፣ ‹እናትህ እንዴት ናት?› ይለዋል በሆዱ። ያኛው፣ ‹ደኅና ናት፣ አላህ ይመስገን› ይላል፣ እሱም በሆዱ» እያለ ይሞላዋል። ከፊት አግዳሚ የማይጠፋው ጫማ ሰፊው ጋሽ ጌታቸው፣ «ይማም፣ በሆዱ ያለውን በሆዱ ተውለት!» ብሎ ይጮኻል፣ ሰው ይስቃል። ደረቱ ላይ የቆርቆሮ ኮከብ የለጠፈው ሹም ሲመጣ ግን አባቴ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም ነበር። «ይሄ ሕግ አስከባሪው ነው። ከሀብታሙ ጋር እራት በልቷል። እንግዲህ ጨረሰ» ይላል። ሹሙ የሀብታሙን ሲጋራ ሲቀበል፣ ዳኛው ካርታ እየተጫወተ ሲፈርድ፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ለምን እንደሚስቅ ማንም ለጎረቤቱ አያብራራም። በቀሉ ሲመጣ ደግሞ አባቴ ከመቀመጫው ይነሳል። «በለው! የወንድምህን ደም መልስ! ወንድ ልጅ እንዲህ ነው!» እግሮች ወለሉን ይደበድባሉ፣ ሰጋቱራው ይነሳል። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። በዚያ ድምፅ የማይጀግን ሰው አልነበረም።

አጎቴ ሰይድ በዚህ ድምፅ ነው ያደገው። የአባቴ የመጨረሻ ታናሽ ነው። ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ከፍቶ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ይመጣል፣ ኋላ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል። በሁለቱ መሐል የነበረው ወንድማቸው መሐመድ ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐርቡ ላይ ያርስ ነበር። አንድ የበጋ ቀን በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ፣ ጎረቤቱ በዶማ መታው፣ ሞተ። ሰውየው ታሰረ። ዓመታት አለፉ። የሚፈታበት ጊዜ ሲቃረብ አበጋሮቹ፣ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ ወደ ቤታችን መምጣት ጀመሩ። በእኛ አገር ለሟች የሚታረቁለት ወገኖቹ ሁሉ ናቸው። አንድ ወንድም እንቢ ካለ ደሙ አልደረቀም፣ ገዳይም በዚያ መንገድ አያልፍም። አባቴ ተቀበለ። ሰይድ ግን የኮምቦልቻ ቤቱን በር አልከፈተላቸውም። ሁለተኛ ሲመጡም አልከፈተም። «ካውቦይ ሽማግሌ ይሰማል?» አለ አባቴን፣ እየሳቀ። ሳቁን አባቴ አልወደደውም። ያን ቀን የተከፈተ ማይክራፎን በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዘሐራ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለኝ፤ ድምፁ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ቤቱ ሁሉ ሰማው። ምን እንዳስተማረ ግን ማንም አልገባውም።

ከዚያ በኋላ ትርጉሙ ተለወጠ። ካውቦዮች ሽጉጥ ተመዞባቸው «አውፍ በለኝ!» ማለት ጀመሩ። አውፍ ማለት በወሎ ይቅርታ ማለት ነው፤ ሐጂውም ገበሬውም የሚለው ቃል ነው። መጀመሪያ ቀን ሰው ከአግዳሚ እየወደቀ ሳቀ። «እንዴ! ይሄ ነጭ የወሎ ልጅ ነው!» አለ አንዱ። «ጁምዓ አብሮን ይሰግድ ይሆናል» አለ ሌላው። አባቴ አልሳቀም። ባለ ግራጫ ኮፍያው ፊልም የመጣው በዚያ ሰሞን ነው፤ አጎቴ አሁን ፈልጊልኝ ያለኝ። ሀብታሙ ከብት አርቢ የአንድን ሰው ወንድም በውሸት ክስ ሰቀለው፣ ባለ ኮከቡ ሹም ገመዱን ያዘለት። ባለ ግራጫ ኮፍያው ሊበቀል መጣ። ሲመጣ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሴት ሲያልፍ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ፈረሱን ሳያጠጣ አይጠጣም። የመጀመሪያውን ገዳይ ፊት ለፊት ጠርቶ ገደለው። ሁለተኛውን ከጀርባው። ሦስተኛው ደግሞ ፈረስ ጠባቂ ሽማግሌ ነው፣ የጠየቀውን ሁሉ ነግሮት ነበር። እሱንም ገደለውና ጫማውን አውልቆ ለራሱ አደረገው። ጫማው ሲወልቅ እኔ እርሳሴን ጣልኩ። ሰዉ ግን ለመጀመሪያው ባጨበጨበው ልክ ለሦስተኛውም አጨበጨበ። የቀነሰው የአባቴ ድምፅ ብቻ ነው።

መጨረሻው ላይ ሀብታሙ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ አንድ ነገር ይናገራል። እንግሊዝኛው ስድብ ነበር፤ አባቴ ስድብ ያውቃል። «አውፍ በለኝ ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ!» ብሎ ተረጎመው። ባለ ኮፍያው ሽጉጡን እንደደገነ ነው። አባቴ ተጣደፈ። «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ተነስ» አለው በእሱ አፍ። ይህን ከማለቱ ሽጉጡ ጮኸ፣ ሀብታሙ ወደቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ማይክራፎኑን ጨብጦ፣ «ባ... ባረቀ! ወላሂ ባረቀበት! ሳያስበው ነው!» አለ። ሽጉጡ ግን መጮኹን አላቆመም። ጋሽ ጌታቸው ብድግ ብሎ ወደ መጋረጃው ዞረ። «ይማም! ስድስቴ ነው የሚባርቀው?» ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ሰው እየተንከባለለ ሳቀ፣ ጫማ በአየር ላይ ተወረወረ። በዚያ ጫጫታ መሐል ባለ ኮፍያው ጎኑን ለእኛ ሰጥቶ፣ አንገቱን በፈረሱ ላይ ደፍቶ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ቴፑም ያረጀ ነበር። ያላትን ነገር አልሰማሁም። ኋላ ግድግዳው ሥር ከተቀመጡት መሐል ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ እንደነበር ግን በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻለሁ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አባቴ ከሰይድ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ላከኝ። ሆን ብሎ ይመስለኛል፤ የወንድሙን ልጅ አስከትሎ ሰው ሊገድል አይሄድም ብሎ። ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ደሴ ጭጋግ ነበር። ሐረጎን ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ከጥቂት ጥምዝ በኋላ ጭጋጉ ከላይ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ተስማማ አንድ ላይ ጃኬቱን ያወልቃል። አጎቴ አላወለቀም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። የጃኬቱ ግራ ጎን ከቀኙ ይከብድ ነበር። ሰውየው ተፈትቶ ሐርቡ ከገባ አራት ቀኑ እንደሆነ እኔም ሰምቻለሁ።

«ዘሐራ» አለኝ፣ መስኮቱን እያየ። «አባትሽ ይዋሻል።»

ጃኬቴን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁ።

«አንቺ አትዋሺም። ከሕፃንነትሽ አውቅሻለሁ። እንግሊዝኛም ታውቂያለሽ። ሰውዬው ተኩሶ ሲያበቃ፣ ፈረሱ ጋ ቆሞ፣ ምን አለ?»

አልሰማሁም ማለት ነበረብኝ። እውነቱ ያ ነበር። እስከዚያ ቀን አስተማሪ ሳይጠይቀኝ እንኳ ስህተቴን የምናገር ልጅ ነበርኩ። የጃኬቱን ግራ ጎን አየሁ።

«‹አሁን ወዴት ልሂድ?› አለ።»

አጎቴ ሳቀ። «ፈረስ አለው እኮ። ወደ ፈለገበት ይሄዳላ።»

«ፈረሱን ይዞ ነው የጠየቀው።»

አንድ ጥምዝ አለፍን። «ማንን ነው የጠየቀው?»

«ማንንም። ሰው አልቀረም።»

ኮምቦልቻ መነኻሪያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወርዶ እሱ እንደተቀመጠ ቀረ። ረዳቱ፣ «ወንድም፣ ደርሰናል» አለው። ጃኬቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። የከበደውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፎ ብብቱ ሥር ያዘው። ወደ ሐርቡ የሚጭነው መኪና ረዳት አጠገባችን ይጣራ ነበር። እኔን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

አበጋሮቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በሩን ከፈተ። እርቁ ከሐርቡ መንገድ ገባ ብሎ በሜዳ ላይ ሆነ። ሴቶቹ ራቅ ብለን ቆምን። ሰውየው ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣ። «አውፍ በሉኝ» አለ። ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። ሰይድ ቆመ። ዝምታው ረዘመ። ወፍ ጮኸ፣ አንዲት ሴት አጠገቤ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ሰይድ ጎን ቆሞ እንደሚቁነጠነጥ ከሩቅ አየሁት፤ ሊሞላው ነው አልኩ። እውነትም አፉን ከፈተ። ትልቁ አበጋር ሳይዞሩ፣ «ይማም፣ ዝም በል። ይቺን ራሱ ይናገራት» አሉት። ሰው በእንባው መሐል ሳቀ፤ የአባቴ ዝና እዚያ ድረስ ወርዷል ማለት ነው። ሰይድ ግን አልሳቀም። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ «ብያለሁ» አለ። ያቺው አንድ ቃል ናት። ፋቲሃ ተቀራ። ሁለቱ ወዳጅ አልሆኑም፤ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ያልፋሉ። ለእኔ ያ ብዙ ነው።

አባቴ ወንድሙን የመለሰችው ያቺ የባረቀች ሽጉጥ እንደሆነች አምኖ ኖረ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ፣ ዲሽ በየቤቱ ገብቶ፣ እሱም ዓይኑ ደክሞ መርፌ ክር ማስገባት ሲያቅተው፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሁሉ ያንኑ ያወራ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ኮምቦልቻ አንድ የጉምሩክ ትራንዚተር ቢሮ ሰነድ መተርጎም ስጀምር ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔን ሥራ ወሰደችው» አለ። በእኔ ሥራ አንድ ቃል ብትሳሳት ዕቃው ወደብ ላይ ይታገዳል፤ እያንዳንዷን ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ስለ ሚኒባሱ ልነግረው ብዙ ቀን አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ኩራቱን መንካት አልፈለግሁም። ኋላ ደግሞ እሱ ወደ አኼራ ሄደ። አሁን ለማንም ሳይሆን ለእሱ ነው መንገር የምፈልገው፤ አባዬ፣ አንድ ቀን እኔም ተርጉሜያለሁ ብዬ።

ፊልሙን አገኘሁት። አራት የምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። ድምፁ አሁን ጥርት ብሏል። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መጨረሻውን ከፈትኩ። ባለ ግራጫ ኮፍያው ጎኑን ሰጥቶ፣ ፈረሱን በስሙ ጠርቶ፣ «ና፣ እንሂድ» አለው። በቃ። ከዚያም እያፏጨ ሄደ። ማፏጨቱን ሰኞ ገበያ ላይ ማንም አልሰማውም ነበር። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ለአጎቴ ደወልኩ።

«አጎቴ፣ አገኘሁት።»

«አልሐምዱሊላህ! ላኪልኝ!»

«አልልከውም። ይዤው እመጣለሁ። እንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ አይገባውም። እኔ እተረጉምለታለሁ።»

«አንቺ?» ሳቀ። «ሰው ፊት ሰላም ማለት የምታፍሪው?»

ቅዳሜ ከሰዓት ብየዳ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን፣ ስልኩን በብረት ቁራጭ አስደግፈን። ወጣቱ አሕመድ ይባላል፣ ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው። «ለፊልም ነው የጠራችሁኝ?» አለ። «ሕፃን አደረጋችሁኝ?»

«ተቀመጥ አቦ» አለው አጎቴ። «ከጠላኸው ትሄዳለህ።»

ድምፁን እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። «ለምን አጠፋሽው?» አለኝ አሕመድ። «ሁለት ሰው አንድ ላይ አያወራም» አልኩት። ፊቴ ሲቃጠል ይታወቀኝ ነበር። ድምፄ ቀጭን ነው፣ የአባቴን አይመስልም። አውፍ አላስባልኩም፣ አላስባረቅኩም። ሹሙ ገመዱን ሲይዝ ገመዱን ያዘ አልኩ፣ የሽማግሌው ጫማ ሲወልቅ ወለቀ አልኩ። ስድስቱን ጥይት ቆጠርኩ። ከዚያ ባለ ኮፍያው ፈረሱ ላይ አንገቱን ደፋ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ሚኒባሱ ውስጥ ያልኳትን ያቺን አንዲት ነገር አልኩ።

አሕመድ ፈረሱ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ አየ። ስክሪኑ ጨለመ። «እና ወዴት ሄደ?» አለ።

ሦስት ጊዜ የሄዱትን ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃቸውም ነበር። ያቺን መልስ እኔ አላውቃትም፤ ከአባቴም ከፊልሙም አላገኛትም። አጎቴ ሰይድ በርጩማውን ወደ ልጁ አስጠጋና፣ የራሱን መናገር ጀመረ።